ለእንግዳ የተነሡ ጉልበቶች

ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ መታወቂያዋ ላይ እንደተጻፈው ከሆነ ሰባ ስምንቷ ነው፤ እሷን ብትጠይቋት ግን «እኔ ስወለድ የጻፈ ማን ነበር? እናንተው ገምቱ» ትላለች። እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ ውስጥ፣ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ እናቴ፣ እኔና የመጨረሻዋ ልጄ። አሳንሰር የለውም። ደረጃው ሃምሳ አራት ነው፤ የቆጠርኩት እኔ ሳልሆን የእናቴ ጉልበት ነው። ስትወጣ ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች፣ ሃያ ሰባት ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ «በይ እንግዲህ ግማሹን ጨረስነው» ትላለች። ኋላ ኋላ መቁጠሩ ቀረ፤ መውረዱም ቀረ።

ሕመሙ አንድ ቀን ተነሥቶ የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ እሺ አይላትም ነበር። ከዚያ ጣቶቿ መቆልመም ጀመሩ፣ አንጓቸው ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለ እብጠት አወጡ። ቁልፍ መዝጋት፣ የማሰሮ ክዳን ማዞር፣ የቧንቧ እጀታ መጨበጥ አንድ በአንድ ከእጇ ወጡ። እሷ ግን «ብርድ ነው» ትላለች። በእናቴ ዘንድ የሕመም ሁሉ ምንጭ ብርድ ነው። ጎንደር ሳለች ማለዳ ወንዝ ወርዳ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ እንስራ ስትሞላ የገባባት ብርድ፣ አብሯት በአውሮፕላን መጥቶ እዚህ የባሕሩን እርጥበት ሲያገኝ ነፍስ ዘራ፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስብ ነበር። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ መሀል ከተማ የሰው ቢሮና የሰው ደረጃ ስታጥብ ኖራለች፤ ያውም ብዙውን ተንበርክካ። ሥራ አስኪያጇ ባለ ረጅም እንጨት ማጽጃ አምጥቶ ሰጥቷት ነበር። «በእንጨት የጠራ ወለል አላየሁም» ብላ ጥግ ላይ አቆመችው።

መድኃኒቷንም ራሷ ታውቅ ነበር። ፌጦ ወቅጣ በሎሚ ትለውስና ጉልበቷ ላይ ትለጥፈዋለች። ቆዳዋ ይቀላል፣ ይላጣል።

«እማ ኧረ ተይው፣ አቃጠለሽ እኮ!»

«ሲያቃጥል ነው የሚያወጣው።»

«ምኑን?»

«ብርዱን ነዋ። ደግሞ አንቺ ምን ታውቂ፣ ፎቅ ላይ ያደግሽ!»

ፎቅ ላይ አላደግሁም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው የመጣሁት። ግን እሷ ስትናደድ ሁላችንንም እዚሁ ያደግን ታደርገናለች።

በመጨረሻ ኩፓት ሆሊም፣ ማለት የጤና ጣቢያችን፣ ወሰድኋት። ሐኪሙ ጉልበቷን በራጅ አስነሥቶ ሥዕሉን ብርሃን ላይ ሰቀለው። «አያችሁ፣ እዚህ ጋ ክፍተት መኖር ነበረበት። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ መሀል ላይ የሚገባው ለስላሳ ነገር አልቋል» አለ። «ይመለሳል ወይ?» አልሁት። አይመለስም አለ። ቀዶ ጥገናም ተነሥቶ ነበር፣ ልቧ አይችለውም ተባለና ቀረ። ከሕመሙ ጋር መኖር ግን ይቻላል፣ መኖርንም እናስተምራታለን አለ።

ስንወጣ እናቴ «ሰውየው ምን አለ?» አለችኝ።

«አለቀ አለ።»

«ምኑ?»

«ጉልበትሽ ውስጥ ያለው ልስልሱ ነገር።»

«ታዲያ ይኸን ለማለት ነው ሃምሳ አራት ደረጃ ያስወረደኝ?» አለች።

እዚያው ጤና ጣቢያ የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራው ወጣት ሴት ያስተማረችንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከወንበር ስትነሺ እግርሽን ወደ ኋላ ሳቢ፣ ጎንበስ በይ፣ አፍንጫሽ ከእግርሽ ጣት በላይ ይሁን፣ ከዚያ ተነሺ። ብዙ አትቀመጪ፣ ብዙም አትቁሚ፤ ትንሽ ትንሽ ግን ደጋግመሽ ተራመጂ። ዱላውን ደግሞ ከሚብሰው ጉልበት በተቃራኒ እጅ ያዢ። በዚህ በዱላው እናቴ ሳቀች። «የታመመው ቀኙ፣ ዱላው በግራ? ይቺ ልጅ ቀኝና ግራዋን አልለየችም!» ቤት ገብታ ሰው ሳያያት በግራ ይዛ ሞከረችው። ቀለላት። ከዚያ ወዲያ በግራ እጇ ያዘች፤ ልጅቱ ልክ ነበረች ብላ ግን አንድ ቀን አልተናገረችም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሥርዓት አወጣን። ጠዋት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክርላታለሁ፤ ጣቶቿ እስኪላወሱ ድረስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የማንኪያዋን እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ አወፈርሁት። ሐኪሙ የሰጣት ኪኒን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቀላሉ የየቀኑ፣ አንዱ ደግሞ ጠንካራው፣ በጣም ሲብስባት ብቻ፣ አንድ ፍሬ፣ ያውም ከምግብ በኋላ። ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳል ብሎ አስጠንቅቆናል። ማክሰኞና ዓርብ እኔ አጥባታለሁ። ስትታጠብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው፤ አንድም ቃል አንናገርም።

ችግሩ የቀኑ ሰዓት ነበር። እኔ ሳፒር፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ፣ የፕላስቲክ ዕቃ በሚታሸግበት ፋብሪካ እሠራለሁ። የጠዋት ተራዬ በዚህ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ ሰባት ሰዓት ይጀምራል። ልጄም ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እናቴን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ፣ ስልኩን፣ ዳቦውን፣ ውሃውን እጇ የሚደርስበት አድርጌ እወጣለሁ። ስመለስ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት አልፏል። ውሃው እንዳለ ነው። በየቀኑ እንዳለ ነው። መጀመሪያ ጥም የሌላት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከንፈሯ ተሰንጣጥቆ ሳየው ገባኝ፤ ከጠጣች መነሣት አለባት፣ መነሣት ደግሞ አትችልም፣ ስለዚህ አትጠጣም።

ወንድሜ በስተደቡብ ሌላ ከተማ፣ ኪርያት ጋት ነው የሚኖረው፤ በሁለት ዓመት ታናሼ ነው። በስልክ ያለውን ሁሉ እሰማዋለሁ፤ «እታለም፣ ለምን ታሠቃያታለሽ? ወደኔ ትምጣ። ቤቴ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለው። ሚስቴም ትወዳታለች።» እውነቱን ነው። ግን እናቴ አትፈልግም። «የልጅ ቤት ሌላ፣ የምራት ቤት ሌላ» ትላለች። ሕንፃው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ሴቶች አሏት፤ እሷ መውረድ ብትተውም እነሱ በመስኮት ይጠሯታል፣ እሷም በመስኮት ትሰድባቸዋለች። አባቴም የተቀበረው እዚሁ ነው። «ሰውዬውን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ስትል ያው ሥራ ሄዶ የሚመለስ ያህል ነው።

ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ቃል ተገባባን። ለአረጋውያን የሰው ረዳት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ። በቀን ጥቂት ሰዓት የምትመጣ ሜታፔሌት፣ ማለት ተንከባካቢ፣ ከፈቀዱልን እናቴ ከቤቷ አትነቃነቅም። ካልፈቀዱልን ፔሳህ፣ ማለት የፋሲካ በዓላችን፣ ሲያልፍ ወንድሜ መጥቶ ይወስዳታል። እናቴም ሰምታ «እሽ» አለች። ይፈቅዱልናል ብላ ነው።

የጤና ጣቢያው ማኅበራዊ ሠራተኛ የኛው ልጅ ናት፤ ቅጹን እሷ ሞላችልን። ስትሰናበተኝ እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ አሁን አንዲት ማዕሪካ ትመጣለች፤ እማማ ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ በዐይኗ ዐይታ የምትጽፍ። ቤቱን እንዳለ ተዉት። እማማም እንደ ሌላው ቀን ይሁኑ። እባክዎ አደራ።»

«አደራ የለውም፣ ይገባኛል» አልኋት።

ማክሰኞ እንደምትመጣ ተነገረን። እሑድ ዕለት እናቴ ጀመረች።

«የመንግሥት ሰው ናት?»

«አዎ።»

«ምን ትበላለች?»

«አትበላም እማ፤ ለሥራ ነው የምትመጣ።»

«ከቤቴ ገብታ ሳትበላ? አንቺማ ፈረንጅ ሆነሻል።»

አገር ቤት የመንግሥት ሰው ሲመጣ ምን ይደረግ እንደነበር ነገረችኝ። ቤቱ ይጠረጋል፣ የታመመ ካለ ጓዳ ይገባል፣ የተጎሳቆለ ልብስ ይሸሸጋል። ያ ሰው የመጣው ግብር ሊቆጥር ይሁን ወይ ሊከስ፣ ዋናው ነገር ቤቱን በንቀት አለማየቱ ነው። እኔም በልጅነቴ አስታውሰዋለሁ፤ አያቴን አንድ ጊዜ ከነትኩሳቷ ጓዳ አስገብተናት፣ እንግዳው እስኪሄድ ሳሏን በነጠላዋ አፍና ቆይታለች።

ይህን ሁሉ እየሰማሁ ልናገር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ሰኞ ከሥራ ስገባ ቤቱን ማጠብ ጀመርሁ። ለእንግዳ ቤት ማጠብ ምን ክፋት አለው አልሁ። ከዚያ ወለሉን ሳጥብ እናቴ ተደግፋ የምትራመድበት ባለ አራት እግር ብረት እንቅፋት ሆነብኝ፣ ወደ በረንዳ አወጣሁት። በረንዳ ላይ ሲታይ ደስ አላለኝም፣ አንሶላ ጣልሁበት። የመጸዳጃ ወንበሯን ወደኔ ክፍል ወሰድሁት። ሌሊት የምታደርገውን ጨርቅ ከነከረጢቱ አልጋ ሥር ገፋሁት። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ራሱ ነው የሠራው።

ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ኢማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቤት አጸዳለሁ።»

«እሷ እኮ ይህን ልታይ ነው የምትመጣው! የደበቅሽውን ነው ልታይ የምትመጣው!» በዕብራይስጥ ነው የጮኸችው፤ ሲብሳት አማርኛው ይጠፋታል።

«ዝም በይ፤ እንግዳ ይመጣብናል፣ ነገ አግዢኝ» አልኋት። ሊጡንም ያቦካሁት ያን ዕለት ነው፤ እናቴ ከወንበሯ ላይ ሆና ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ውሃ እያለች ታዘኛለች።

ማክሰኞ ከሥራ ቀረሁ። እናቴን ነጩን ቀሚሷን ለማልበስ አርባ ደቂቃ ፈጀን፤ እጅጌው ጋ ስንደርስ ዐይኗን ጨፈነች፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። ጸጉሯን ሠርቼ ሻሿን አሰርሁላት። «ዱላዬን ከበሩ ኋላ አድርጊልኝ» አለች። አደረግሁ። ያን ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ነበር። ከጠንካራው ኪኒን ሁለት ፍሬ፣ ያውም በባዶ ሆዷ፣ ቀድማ ውጣ ነበር። ማታ ነው ጎድሎ ያገኘሁት።

በሩ ሲንኳኳ እኔ ወጥ ቤት ነበርሁ። ስወጣ እናቴ ቆማለች።

ያቺ እኔ ጠዋት ጠዋት ብብቷን ይዤ፣ አንድ ሁለት ሦስት ብዬ የማነሣት ሴት፣ ማንም ሳይነካት ተነሥታ ቆማ ነበር። ከዚያም ሄደች። ከወንበሩ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ይሆናል፤ ግድግዳ ሳትነካ ሄደችው። በሩን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ የማዕሪካዋን እጅ ያዘች።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! ግቢ፣ ግቢ። ደረጃው አደከመሽ!»

ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጸጉሯ ጥቅልል ያለ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ከደረጃው የተነሣ ትንፋሽ ያጠራት ልጅ። ደግ ፊት ነበራት። ይህን የምለው ቂም እንደሌለኝ እንድታውቁት ነው።

ገና ሳትቀመጥ እናቴ ወጥ ቤት ገባች። ተከትያት ገብቼ «እማ፣ ቁጭ በይ፣ በፈጠረሽ» አልኋት በሹክሹክታ።

«ዞር በይ።»

«እኔ አቀርባለሁ!»

«የቤቱ ሴት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ትሪውን አነሣችው። ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ የተቆረጠ ዳቦ። ብርጭቆዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፤ ሻዩ ግን አልፈሰሰም። ማዕሪካዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ትሪውንና እናቴን ተራ በተራ ታያለች። ዳቦውን ቀምሳ «ማን ጋገረው?» አለች። ተረጎምሁ።

«እኔ ነኛ!» አለች እናቴ። «ሌላ ማን ይጋግራል? ይቺማ ከፋብሪካ አትወጣ።»

ልጅቱ ሳቀች፣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ማን ያጥብሻል?»

እናቴ ደነገጠች። «እኔን? ሕፃን ነኝ? ራሴ ነዋ የምታጠብ።»

ማዕሪካዋ ወደኔ ዞረች፤ እንድተረጉምላት ትጠብቃለች። እናቴ ዕብራይስጥ አትችልም የሚል ሰው ሞኝ ነው። አትናገረውም እንጂ ትሰማዋለች፤ ስለራሷ ሲሆን ደግሞ ከሁላችን በላይ ትሰማለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትታጠበውን ሴት፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ለማላውቃት ሰው፣ እኔ ነኝ ገላዋን የማጥባት ልበል?

«ራሴ እታጠባለሁ ትላለች» አልሁ። ቃል በቃል ተረጎምሁ። አልዋሸሁም፤ ያለችውን ነው ያልሁት።

«ልብስስ?»

«ራሷ።»

«ምግብ?»

«ይኸው እያበላችሽ» አለች እናቴ፣ አንድ ቁራሽ ጨምራ ወደ ሳህኗ እየገፋች። «ብይ እንጂ፤ ከስተሻል። ባል የለሽም?»

ልጅቱ ይህንንም ተርጉሚልኝ አለች። ተረጎምሁላት። የለኝም አለች። «ዳቦው ያመጣዋል፣ ብይ» አለቻት እናቴ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናቴን ላለማሳፈር ይመስለኛል፣ እኔን ብቻ ጠየቀችኝ። «አብረሻት ትኖሪያለሽ። አንቺ ምን ትያለሽ? መጸዳጃ ቤት በሰዓቱ ትደርሳለች? ሌሊትስ?»

እናቴ አየችኝ። ያ ዐይን ምን እንደሚል አልተረጎምሁትም። አልጋ ሥር የገፋሁት ከረጢት ከተቀመጥንበት አራት ክንድ አይርቅም።

«ትደርሳለች» አልሁ።

ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የእናቴ ነበር፣ ይህቺ ቃል ግን የኔ ናት።

ልጅቱ ስትነሣ ደረጃው ላይ እሸኛታለሁ፣ እዚያ እነግራታለሁ ብዬ አስቤ ነበር። በልቤ ቃሉን እየደረደርሁ ነበር። እናቴ ግን እንግዳ ከወንበሩ ላይ ተሸኝቶ አያውቅም ብላ አብራን ወጣች። ክንዴን ይዛ ከበሩ አለፈች፣ መተላለፊያውን አለፈች፣ ሁለት ደረጃ ወረደች። ሁለት ደረጃ! ጣቶቿ ክንዴ ውስጥ ገብተው አጥንቴ ድረስ ይሰሙኛል፤ ፊቷ ግን ፈገግ ብሏል። ልጅቱ ከታች ቀና ብላ «ኮል ሃካቮድ፣ ሳፍታ!» አለቻት፤ ጎበዝ አያት እንደ ማለት ነው። እናቴ እጇን አወዛወዘችላት። የልጅቱ ኮቴ ታች ጠፍቶ የሕንፃው በር ሲዘጋ፣ እናቴ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትደርስ እሷና እኔ ወንበር አምጥተን፣ በወንበሩ ተሸክመን አስገባናት።

ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ጉልበቶቿ አብጠው እንደ ዳቦ ሊጥ ሆኑ፣ ሲነኳቸው ይፋጃሉ። የኪኒኑ ነገር ደግሞ ጨጓራዋን አነሣባት። በረዶ በፎጣ እየጠቀለልሁ አድርጌላት፣ ትራስ ከእግሯ ሥር አስገብቼ ስቀመጥ፣ በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እጄን ያዘችኝና «አላሳፈርሁሽም፣ አይደል?» አለችኝ።

«አላሳፈርሽኝም እማ» አልኋት።

ደብዳቤው ከሳምንታት በኋላ መጣ። ልጄ ቆማ አነበበችው። በጥያቄና በምልከታ እንደተረጋገጠው አመልካቿ በዕለታዊ ተግባሯ ዓጽማኢት ናት ይላል፤ ራሷን የቻለች ማለት ነው። ትነሣለች፣ ትራመዳለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ንጽሕናዋን ትጠብቃለች። ስለዚህ ረዳት አይገባትም።

እናቴ «ምን ይላል?» አለች። ልጄ ራስሽን የቻልሽ ነሽ ይላል አለቻት፣ ሌላውን ዋጥ አድርጋ።

«እንዲህ ብላ ጻፈች?» እናቴ ፊቷ በራ። «ደግ ልጅ ናት ብያችሁ አልነበር?»

ልጄ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ክፍሏ ገባች። እኔ ቀረሁ። ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የኔ ፈንታ ሆነ። ረዳት የለም አልኋት። ፔሳህ ሲያልፍ ወንድሜ ይመጣል አልኋት። እናቴ ለረጅም ጊዜ የቀሚሷን ጫፍ በተቆለመሙ ጣቶቿ ስትዳብስ ቆየች።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ዘንድ ስሄድ አልቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እትዬ፣ የመጀመሪያዋ እርስዎ አይደሉም» ብቻ አለችኝ። የሐኪም ወረቀት ጨምረን እንደገና ማመልከት እንደምንችል፣ ሌላ ማዕሪካ እንደምትመጣ ነገረችኝ። እየሮጥሁ ቤት ገባሁ።

«አይሆንም» አለች እናቴ።

«ለምን?»

«ያቺ ልጅ ባይኗ አይታ ነው የጻፈች። አሁን ሌላዋ መጥታ አልችልም ብላት፣ ወይ እኔ ውሸታም ነኝ፣ ወይ ያቺ ልጅ ውሸታም ናት። ዳቦዬን በልታ የሄደችን ልጅ ላዋርዳት?»

«ታዲያ እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ዝም በይ።»

«አንቺ? ከፊቴ ተቀምጠሽ ትደርሳለች ያልሽ? አሁን ልትመሰክሪብኝ?»

ለመንኋት፣ አለቀስሁ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ስልክ ላይ አገናኘኋት። እናቴ ጤናዋን ጠይቃ፣ የናቷን ጤና ጠይቃ፣ መርቃት ስልኩን ዘጋችው።

ያን ሰሞን የኔም ጣቶች ጀምረውኝ ነበር። ክዳን የማስገባበት ማሽን ፊት ቆሜ፣ የአውራ ጣቴ ሥር ሲቆረጥመኝ፣ የሥራ ኃላፊዋ አልፋ «ደህና ነሽ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» እላለሁ። ሐኪም ዘንድ ለመሄድም እስከ ዛሬ ነገ እያልሁ ነው። ሐኪሙ የሚለውን ስለማውቀው ነው መሰለኝ።

ፔሳህ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሥራ ስገባ ወንበሩ ባዶ ነበር። እናቴ በወንበሩና በመጸዳጃ ቤቱ መሀል ወለሉ ላይ ናት። የጠረጴዛውን ጨርቅ ስባ እግሯ ላይ ጥላዋለች።

«መቼ ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም። ተቀመጥሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እናንተ ከወጣችሁ ትንሽ ቆይቼ።»

ሰባት ሰዓት ያህል ወለሉ ላይ መቆየቷ ነው። ስልኩ ወንበሩ ላይ ነበር። የተሰበረ ነገር አልተገኘባትም። ቀሚሷን ስቀይርላት ግን፣ ከዚያ ቀን በፊት ሆኖ የማያውቀውን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ረሳች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁ።

ለወንድሜ የደወለችው ልጄ ናት፤ እኔን አልጠየቀችኝም። ዓርብ ዕለት ጠዋት መጣ። እናቴ አየችውና «ፔሳህ ገና ነው» አለችው።

«አውቃለሁ እማ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልወስድሽ።»

የአምቡላንስ ሰዎች በወንበር ያውርዷት ብዬ ነበር፤ ሰፈር ያየኛል ብላ እንቢ አለች። ወንድሜ አልተከራከራትም። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ሰንበት ደርሷል ብለው እስኪገቡ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ጠበቀ። ሲገቡ እፊቷ ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጣት። አዝሏት ወረደ፣ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ቀበቶዋን አሰረላት፣ ሄደ።

እዚያ ከተማ ለሚገኘው መሥሪያ ቤት እንደገና እንዲያመለክት በየሳምንቱ እነግረው ነበር። «ዳግመኛ ማንም ፊት አትፈተንም» አለ እንጂ አላመለከተም። ቀን የሚነዳውን የጭነት መኪና ለቆ የሌሊት ተራ ወሰደ። ጠዋት ሚስቱ ሥራ ስትሄድ እሱ ይገባል፤ እናታችንን ካልሲ ያለብሳታል፣ ቁርሷን ይሰጣታል፣ ውሃ እንድትጠጣ አጠገቧ ቆሞ ያያታል፣ ከዚያ መጋረጃውን ዘግቶ እዚያው ሶፋው ላይ ይተኛል።